ለደፈረሰ ውኃ ክብር እንስጥ፦ ከሰርፊንግና ከካያክ እስከ ጎጀብ መሻገሪያ

 

ሰሞኑን ከቦንጋ አንድ ወጣት በውስጥ መስመር የጻፈልኝ መልእክት ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። «ዶክተር ሰላም ነው? ቲክቶክ ላይ በባሕር ማዕበል ላይ በጣውላ ቆመው የሚንሸራተቱ ሰዎችን፣ እንዲሁም በቀጭን ጀልባ ተቀምጠው የሚቀዝፉትን አያለሁ። የትኛው ነው የሚከብደው? እኛስ ከጓደኞቼ ጋር የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ነፍተን ክረምት ላይ ጎጀብ ብንሞክረው ምን ችግር አለው? ሁላችንም ዋና እንችላለን» ይላል።

ጥያቄውን ሳነብ መጀመሪያ ፈገግ አልኩ። «ክረምት ላይ ጎጀብ» የሚለው ጋ ስደርስ ግን ፈገግታዬ ጠፋ። ስለዚህ ለአንድ ሰው ብቻ ከምመልስ ሁላችሁም ብታነቡት ይሻላል ብዬ እዚህ አመጣሁት። የመጀመሪያውን ጥያቄ ባጭሩ እመልሳለሁ። ሁለተኛው ግን ሰፋ ያለ ወሬ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም የካፋ ሰው ከውኃ ጋር ያለው ጉዳይ የስፖርት ሳይሆን የዕለት ተዕለት የመሻገር ጉዳይ ነው።

በጣውላ የቆመውና በጀልባ የተቀመጠው

ሰርፊንግ ማለት በባሕር ዳር ማዕበል ሊሰበር ሲል ጣውላ ላይ ቆሞ በላዩ መንሸራተት ነው። ነገሩ የሚቆየው ሴኮንዶች ነው። ሰውየው ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ተመልሶ ይቀዝፋል፣ ሌላ ማዕበል ይጠብቃል። በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ መውደቅ የስፖርቱ አካል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከባሕሩ ዳርቻ አይርቅም፤ ጣውላውም በገመድ ከቁርጭምጭሚቱ ጋር የታሰረ ነው።

የባሕር ካያክ ደግሞ ሌላ ነው። ጀልባዋ ጠባብና ረጅም ናት፤ 5 ሜትር ገደማ የምትደርስ አለች። ቀዛፊው ወገቡ ድረስ ውስጧ ገብቶ ይቀመጥና ባለ ሁለት ጫፍ መቅዘፊያ ይዞ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ከዳርቻ ርቆ ይጓዛል። የእሱ ሙያ መቅዘፍ ብቻ አይደለም። ከመነሳቱ በፊት የአየር ትንበያ ያያል፣ ነፋሱ ከየት ወዴት እንደሚነፍስ ይጠይቃል፣ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ይለብሳል፣ ጀልባዋ ብትገለበጥ እንዴት እንደምትመለስ አስቀድሞ ይለማመዳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ዛሬ አንሄድም» ማለትን ይማራል።

እንግዲህ የትኛው ይከብዳል? በእኔ አስተያየት ሰርፊንግ ለሰውነት ሚዛንና ለጡንቻ ይከብዳል፤ ካያክ ደግሞ ለውሳኔ ይከብዳል። ሰርፈሩ ሲሳሳት ብዙ ጊዜ ይወድቅና ይነሣል። የካያክ ተጓዡ ስሕተት ግን የሚጀምረው ውኃው ውስጥ ሳይሆን ገና ዳር ቆሞ «ይቻላል» ያለ ጊዜ ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚጠቅመን ትምህርት የሚገኘው ከዚህ ከሁለተኛው ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ዕውቀት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የጣና ታንኳ ቀዛፊ በደንገል በተሠራ ጀልባ ሲጓዝ የኖረው ሐይቁን ስለናቀው አይደለም። ነፋስ የሚነሣበትን ሰዓት ያውቃል፤ ውኃው ረጋ ሲል፣ በማለዳ ይወጣል።

ባሕርና ወንዝ አንድ አይደሉም

ወንድሜ፣ ዋና ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በባሕር ላይ ማዕበሉ ይሄዳል፣ ውኃው ግን ባመዛኙ ባለበት ከፍ ዝቅ ይላል። በወንዝ ግን ተቃራኒው ነው፤ ማዕበሉ ድንጋዩ ላይ እንደቆመ ይቀራል፣ ውኃው ግን ያለማቋረጥ ይነጉዳል።

ይህ የፊዚክስ ወሬ ብቻ አይደለም፤ የሞትና የሕይወት ልዩነት አለው። የባሕር ማዕበል ሲመታህ አልፎህ ይሄዳል፤ ከዚያ ትንፋሽ የምትወስድበት ጊዜ ታገኛለህ። ወንዝ ግን ፋታ የለውም። እግርህ በሁለት ድንጋይ መካከል ቢያዝ ወይም ሰውነትህ ከወደቀ ዛፍ ጋር ቢጣበቅ፣ ከኋላ የሚመጣው ውኃ አንዴም ሳያርፍ ይጫንሃል። ጠንካራ ዋናተኛ መሆን እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም። ሰርፈሩ እግሩ ላይ የሚያስረው ገመድ ራሱ ወንዝ ውስጥ ከቅርንጫፍ ጋር ተጠላልፎ ሊገድል ይችላል። ለባሕር የተሠራ ጥንቃቄ ለወንዝ አደጋ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

እስኪ በጀሪካን እናስላው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር የሆነ፣ በሴኮንድ 2 ሜትር የሚሮጥ ውኃ በአንድ ሜትር ስፋት ውስጥ በየሴኮንዱ 50 ሙሉ ጀሪካን ያሳልፋል። እግርህን እዚያ ውስጥ ስትከት ከዚህ ሁሉ ጋር ነው የምትገፋፋው። የውኃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው በፍጥነት የሚሮጥ ውኃ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ አዋቂ ሰውን ሊጥል የሚችለው፤ 30 ሳንቲ ሜትሩ ትንሽ መኪና፣ 60 ሳንቲ ሜትሩ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ሊወስድ ይችላል። «ጉልበት ድረስ እኮ ነው» የምንለው ውኃ እንግዲህ ይህ ነው።

ሙያተኞቹስ ምን ያደርጋሉ?

የአገራችን ወንዞች በዓለም የጀልባ ተጓዦች ዘንድ ስማቸው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የብሪታንያ ወታደሮች ያሉበት ትልቅ ቡድን ዓባይን በጀልባ ሲወርድ ሥልጠና፣ መሣሪያና የድጋፍ ቡድን ነበረው። ያም ሆኖ አንድ አባሉ ወንዝ ሲያቋርጥ በውኃ ተወስዶ ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ወጣቶች ኦሞን በጎማ ጀልባ ወረዱ፤ ድርጅታቸውንም «ሶቤክ» ብለው በጥንታዊት ግብፅ የአዞ አምላክ ስም ሰየሙት፤ ኦሞ ውስጥ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበርና። ኦሞ ማለት ደግሞ የእኛ ጎጀብ ሄዶ የሚገባበት ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከዓባይ ምንጭ ተነሥተው እስከ ሜዲትራንያን ባሕር ለመድረስ 114 ቀን ፈጅቶባቸዋል። ብራውን የመጣው በካያክ ነበር።

የእነዚህን ሰዎች ታሪክ የማነሣው ለጀብዱ አይደለም። እንደዚህ ዓይነት ጉዞ ላይ አንድ የሙያ ደንብ አለ፤ ከፊት ኃይለኛ ወራጅ ካለ ጀልባን ዳር አቁሞ፣ በእግር ሄዶ፣ ከላይ ሆኖ ማየት። የሚያልፍ ከሆነ ማለፍ፤ ካልሆነ ጀልባን ተሸክሞ በየብስ መዞር። ጀልባ መሸከም የሚያሳፍራቸው ነገር አይደለም። እኛ ጋ ግን ወንዝ ሞልቶ ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ሰው «ፈሪ» ይባላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

ከራሴ ልናገር

ከዓመታት በፊት ገና ወጣት ሐኪም ሳለሁ ለክትባት ሥራ ወደ አንድ ገጠር ቀበሌ እየሄድን ነበር። ወቅቱ ነሐሴ ነው። መንገዳችን ላይ ሌላ ጊዜ ድንጋይ ለድንጋይ የምንሻገራት ትንሽ ወንዝ አለች። ያን ቀን ቡና በወተት መስላ ጠበቀችን። እኛ ያለንበት ዝናብ የለም፤ ፀሐይ ነው። የክትባት ሳጥኑ በረዶ እየሟሟ ነው፤ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው እየጠበቁን ነው። «ስንት ጊዜ ተሻግሬያታለሁ» ብዬ ሱሪዬን ጠቅልዬ ገባሁ።

ሦስት እርምጃ እንኳ አልሄድኩም። እግሬ ሥር ያለው ድንጋይ ተንከባለለ፣ ቦርሳዬ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩ። ያዳነኝ ዋናዬ አይደለም። ከወዲያኛው ዳር የነበሩ አንድ አባት የከብት መንጃ ረጅም በትራቸውን ዘረጉልኝ፤ እሱን ጨብጬ ወጣሁ። ልብሴን እየጨመቅኩ ሳለ ካፊኛውንና አማርኛውን እያቀላቀሉ የነገሩኝን አልረሳውም፦ «ዶክተር፣ ውኃው መንገደኛ ነው፤ ያልፋል። አንተ ለምን ትቸኩላለህ?»

ተቀምጠን ጠበቅን። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ወንዙ ጎደለ፤ ተሻገርን፤ ክትባቱንም ሰጠን። በረዶው ለካ ይበቃ ነበር።

ሁሉም ሰው ግን በትር የሚዘረጋለት አያገኝም። በዚያው ዓመት ገደማ አንድ የ11 ዓመት ልጅ በቃሬዛ አመጡልን። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ነው ወንዝ የወሰደው። ጎረቤቶቹ ቶሎ አውጥተውታል። ካወጡት በኋላ ግን ሆዱ ውስጥ ያለው ውኃ እንዲወጣ ብለው እግሩን ይዘው ዘቅዝቀውታል፣ ሆዱን ተጭነውታል፣ ከዚያ ተሸክመው ወደ እኛ ሮጠዋል። ትንፋሽ የሰጠው ሰው አልነበረም። እኛ ጋ ሲደርስ ምንም ማድረግ አልቻልንም። አባቱ «ምን ማድረግ ነበረብን?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ልነግረው አልቻልኩም፤ ምን ይጠቅመዋል? ለእናንተ ግን ዛሬ እነግራችኋለሁ።

ውኃ እንዴት ይገድላል?

እኛ «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንላለን። በሕክምናውም እውነት ነው። የሚሰጥም ሰው እንደ ፊልም እጁን እያውለበለበ አይጮኽም። አፉ ከውኃ በላይ የሚቆየው ለቅጽበት ነው፤ ያቺን ቅጽበት የሚጠቀምባት ለመተንፈስ እንጂ ለመጮኽ አይደለም። በተለይ ሕፃናት ድምፅ ሳያሰሙ፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊሰጥሙ ይችላሉ።

ገዳዩ ነገር ሆድ ውስጥ የገባው ውኃ ሳይሆን አንጎል ያጣው ኦክስጅን ነው። አንጎል ኦክስጅን ካጣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ስለዚህ ሰውየው የሚፈልገው ከሆዱ ውኃ እንዲወጣለት ሳይሆን ሳንባው ውስጥ አየር እንዲገባለት ነው።

ከሌላው ሰው ይልቅ ለአደጋው የተጋለጡ አሉ፦

• የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች። ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡ ወይም ውኃ ሲቀዱ ቢጥላቸው ጥልቀት በሌለው ውኃ እንኳ ሊሞቱ ይችላሉ። መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ መውሰድ አለባቸው፤ ወደ ወንዝ ብቻቸውን ባይሄዱ ይመረጣል። ይህ በሽታ ሕክምና ያለው እንጂ የሚደበቅ አይደለም።

• የጠጣ ሰው። ጠጅም ሆነ ቦርዴ ወይም አረቄ ድፍረት ይጨምራል፣ ሚዛን ይቀንሳል። ከገበያ ወይም ከለቅሶ ማታ ሲመለስ ወንዝ የወሰደው ሰው ታሪክ በየሰፈራችሁ አለ።

• ሕፃናት። ለአንድ ታዳጊ ሕፃን ወንዝ አያስፈልገውም። ክዳን የሌለው ጉድጓድ፣ ግቢ ውስጥ የተቀመጠ ግማሽ በርሜል ውኃ ይበቃዋል።

• ዋና የሚችል ወጣት። አዎ፣ እሱም። ዋና መቻል መልካም ነገር ነው፤ ልጆቻችንም ቢማሩ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በረጋ ኩሬ የተማረው ዋና ለሚነጉድ ወንዝ ፈቃድ አይሰጥም።

ከመሻገራችሁ በፊት

የመጀመሪያው ምክሬ አጭር ነው፦ ወንዙ ከሞላ አትሻገሩ። ድልድይ ካለ ሁለት ሰዓት ዞራችሁም ቢሆን በድልድይ ሂዱ። «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል» የምንለው ለሾፌር ብቻ አይደለም።

ወንዙ የሚነግራችሁን ምልክት ስሙ። የውኃው ቀለም በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ድምፁ ከፍ ካለ፣ ከሥሩ ድንጋይ ሲንከባለል ከተሰማ ወዲያውኑ ወደ ከፍታ ውጡ። እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ መሆኑ ምንም ማለት አይደለም፤ የሚያሳስበው ከላይ ተራራው ላይ የዘነበው ነው። በጫካና በኮረብታ በተሞላ፣ በዓመት ብዙ ወራት በሚዘንብበት አገር ይህን መዘንጋት አይቻልም።

ታችኛው ወለል የማይታይ ከሆነ፣ የሚሮጠው ውኃ ከጉልበት ካለፈ፣ ወይም ከታች በኩል ፏፏቴ፣ የወደቀ ዛፍ ወይም ትልቅ ድንጋይ ካለ በፍጹም አትግቡ። ሕፃን ያዘለች እናት በሞላ ወንዝ መሻገር የለባትም፤ እሷ ብትወድቅ ልጁ ከጀርባዋ ሊወርድ አይችልም። ሾፌሮችም እንደዚሁ፤ መንገድ ላይ የሚሮጥ ውኃ ካለ ቆማችሁ ጠብቁ።

ውኃው ዝቅተኛ ሆኖ መሻገር ግድ ከሆነ ደግሞ፦

1. ወንዙ ሰፋ የሚልበትን ቦታ ምረጡ። ጠባቡ ቦታ ቅርብ ይመስላል እንጂ ጥልቅና ፈጣን ነው።

2. ጫማችሁን አታውልቁ። ባዶ እግር ያዳልጣል፣ ይቆስላልም።

3. ጠንካራ ረጅም በትር ያዙ። ፊታችሁን ውኃው ወደሚመጣበት አዙሩ፤ በትሩን አስቀድማችሁ እየተከላችሁ በጎን በኩል ቀስ ብላችሁ ሂዱ። አንድ እግር ሳይደላደል ሌላውን አታንሡ።

4. ብቻችሁን አትሁኑ። ተያይዞ መሻገር ለብቻ ከመሻገር ይሻላል።

5. ሸክምና ቦርሳ በቶሎ የሚጣል ይሁን። ገመድ በወገባችሁ አትሰሩ፤ ብትወድቁ ገመዱ ከውኃው በታች ይዞ ሊያስቀራችሁ ይችላል።

ውኃው ከወሰዳችሁ በጀርባችሁ ተንጋለሉ፤ እግራችሁን ወደፊት፣ ወደሚፈስበት አቅጣጫ አድርጉና ወደ ላይ አንሡት። በሚሮጥ ውኃ ውስጥ ለመቆም አትሞክሩ፤ እግር በድንጋይ መካከል የሚያዘው ያኔ ነው። ከወራጁ ጋር ፊት ለፊት አትታገሉ፤ በሰያፍ ወደ ዳር ቅዘፉ። ከፊታችሁ የወደቀ ዛፍ ካለ ግን ተገልበጡና በደረታችሁ ዋኙ፤ ወደ ላዩ ለመውጣት በሙሉ ኃይላችሁ ሞክሩ፤ ከሥሩ ከገባችሁ መውጣት ይከብዳል። ቦርሳውን፣ ጫማውን፣ ስልኩን እርሱት።

ሰው ሲወሰድ ብታዩ

እባካችሁ ዘላችሁ አትግቡ። በየቦታው አንድ ሰው ሲሰጥም ሊያድነው የገባው ወንድሙ ወይም አባቱ አብሮ ይሞታል። የአንድ ቤት ኀዘን ሁለት የሚሆነው እንዲህ ነው። ይልቁንስ ጩኹ፣ ሰው ጥሩ፣ በትር ወይም ቅርንጫፍ ዘርጉ፣ ገመድ ወርውሩ። በደንብ የተከደነ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በገመድ ታስሮ ቢወረወር አንድን ሰው ማንሳፈፍ ይችላል። ከቤታችን የማይጠፋ ዕቃ ነው።

ካወጣችሁት በኋላ፦

1. ጠርታችሁና ትከሻውን ነካ አድርጋችሁ እዩት፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ተመልከቱ። አትዘቅዝቁት፣ ሆዱን አትጫኑት።

2. የማይተነፍስ ከሆነ ጠጣር መሬት ላይ በጀርባው አስተኙት። ግንባሩን ወደ ኋላ፣ አገጩን ወደ ላይ አድርጉ፤ አፍንጫውን ያዙና አፋችሁን በአፉ ላይ ገጥማችሁ ትንፋሽ ስጡ፤ ደረቱ ከፍ ሲል እዩ። ለሰጠመ ሰው በዚህ መልክ በ5 ትንፋሽ ጀምሩ።

3. አሁንም ካልተነፈሰ የእጃችሁን መዳፍ የደረቱ መሐል ላይ አድርጋችሁ 30 ጊዜ በፍጥነትና በጥንካሬ ተጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚሆን ፍጥነት። ለአዋቂ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዝቀጥ፤ ለሕፃን የደረቱን ውፍረት ሲሶ ያህል። ከዚያ 2 ትንፋሽ፤ እንደገና 30፤ እንደገና 2። እስኪተነፍስ ወይም የጤና ባለሙያ እስኪረከባችሁ አታቁሙ፤ ሲደክማችሁ ተቀያየሩ።

4. ካስመለሰው በጎኑ አዙራችሁ አፉን አጽዱና ቀጥሉ።

5. የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፣ እርጥብ ልብሱን አውልቁ፣ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኑት።

6. «ደህና ነኝ» ቢልም ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ያልተለመደ ድካም ወይም እንቅልፍ ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ልጁን ያጣው አባት የጠየቀኝ ጥያቄ መልስ ይኸው ነው። ቦታው ላይ፣ እዚያው ወንዝ ዳር የሚሰጥ ትንፋሽ ሩቅ ካለ ሐኪም ይበልጣል።

ጥፋቱ የተሻጋሪው ብቻ ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ አስተያየቴን ግልጽ ላድርግ። ሰዎች ወንዝ የሚገቡት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። ፈተና አለ፣ ገበያ አለ፣ ምጥ የያዛት ሴት አለች፣ የደረሰ ቡና አለ። «አትሻገሩ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ መሻገሪያ ሳይሰጡ መምከር ግን ግማሽ ምክር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2021 ብቻ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች በውኃ ሰጥመው መሞታቸውን ገልጿል። ከአሥሩ ዘጠኙ በላይ የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከ2000 ወዲህ የሞት መጠኑ በዓለም ደረጃ 38 በመቶ ሲቀንስ በአፍሪካ ቀጣና የቀነሰው 3 በመቶ ብቻ ነው። ሌላው ዓለም የቀነሰው ሕዝቡ ሁሉ ዋናተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ድልድይ፣ አጥር፣ ማስጠንቀቂያና ሥልጠና ስላለ ጭምር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ለዚሁ ጉዳይ በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀንን ሰይሟል፤ በእኛ ሐምሌ 18፣ ወንዞቻችን የሚሞሉበት ወቅት ነው።

አንድ ተስፋ የሚሰጥ ታሪክ ልንገራችሁ። ዓባይ ላይ በጥንት ዘመን የተሠራ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰብሮ ከቀረ በኋላ የሁለቱ ዳር ሰዎች ለአሥርት ዓመታት በገመድ እየተሳሳቡ ክፍተቱን ይሻገሩ ነበር። የዚህ ፎቶ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ፎቶውን ያየ ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ ግንበኛ እ.ኤ.አ. በ2001 ለእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ፤ በማግሥቱ ዓመትም የተሰበረው ክፍል ተጠገነ። እነዚያ በገመድ ይሻገሩ የነበሩ ሰዎች ድፍረት አላነሳቸውም። ያነሳቸው ድልድይ ነበር።

እኛም ከቦንጋ ብዙም ሳንርቅ ተፈጥሮ የሠራችው የእግዜር ድልድይ አለን፤ እንግዶችን ወስደን በኩራት እናሳያለን። እግዜር አንድ ሠርቶ አሳይቶናል፤ የቀረውን መሥራት የእኛ ድርሻ ይመስለኛል። ትልቅ በጀት እስኪመጣ ድረስ እንኳ ቀበሌ፣ ትምህርት ቤትና ዕድር ተባብረው የሚያደርጉት አለ፦ በየመሻገሪያው በገመድ የታሰረ ባዶ ጀሪካን መስቀል፤ አንድ ትልቅ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ ቀይ ቀለም ቀብቶ «ውኃው እዚህ ከደረሰ አትሻገር» ማለት፤ ወንዝ ተሻግረው የሚመጡ ተማሪዎች ወንዝ ሲሞላ ከቀሩ እንደ ቀሪ አለመቁጠር፤ ሲመለሱም ከሞላ የሚያሳድራቸው ዘመድ ወይም መምህር አስቀድሞ መወሰን፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ከላይ የጻፍኩትን ትንፋሽ አሰጣጥ ለወጣቶች እንዲያሳዩ ማድረግ። ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚያድነው ግን ልጅ ነው።

ሌላም የሚያንገበግበኝ አለ። ሐምሌ 2017 መጨረሻ ላይ በየመን አብያን ባሕር ዳርቻ በሰጠመችው ጀልባ ከሞቱት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚያች ጀልባ የተጫኑት የአየር ትንበያ አይተው፣ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ለብሰው፣ «ዛሬ አንሄድም» የማለት መብት ኖሯቸው አልነበረም። ባሕርን የማያውቅ ልጅ ባሕር ላይ ሲጫን ውሳኔው በሌላ ሰው እጅ ነው። በደላላ የተጠራችሁ ወጣቶች ይህን አስቡበት። ዳር ቆሞ ማሰብ የሚቻለው ከመሳፈር በፊት ብቻ ነው።

ወደ ጠያቂዬ ልመለስ

ወንድሜ፣ ስፖርቱን መውደድህን አልነቅፍም። ውኃ ጥሩ ጓደኛ ነው፤ ዋናና ቀዘፋ ለልብ፣ ለሳንባ፣ ለመገጣጠሚያ፣ ለአእምሮም ይጠቅማሉ። አንድ ቀን ጎበዝ ቀዛፊ ሆነህ ባይህ ደስታዬ ነው። ነገር ግን በረጋ ውኃ፣ ከአሠልጣኝ ጋር፣ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ለብሰህ ጀምር። ክረምት ላይ ጎጀብን በካላማዳሪ መሞከር ግን ስፖርት አይደለም። ካላማዳሪ መሪ የለውም፤ እሾህ ወይም ሹል እንጨት ከወጋው ደግሞ ምንም የለህም። «ሁላችንም ዋና እንችላለን» ያልከው ነገር ይበልጥ አስፈራኝ፤ ምክንያቱም ስትወሰድ ሁላችሁም ልታድኑት ትገባላችሁ።

እውነተኛ ድፍረት ማየት ከፈለግህ ነሐሴ ላይ ከሞላ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ገበሬ ተመልከት። ወንዙን ከሁላችን በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ስለሚያውቀውም ይጠብቃል። እኔን ያወጡኝ አባትም ሲጠብቁ ነበር በትራቸውን የዘረጉልኝ።

በየአካባቢያችሁ አደገኛ የሆነ መሻገሪያ የት እንዳለ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን፤ ሰው ከመሻገሩ በፊት ያንብበው። የትንፋሽ አሰጣጡን ክፍል ደግሞ ኢንተርኔት ለሌላቸው ቤተሰቦቻችሁ አንብቡላቸው፤ ቢቻል ትራስ ላይ እየተለማመዳችሁ አሳዩአቸው።

ክረምቱን በሰላም ያሻግረን። ጤና ይብዛላችሁ!